የትልቅ ሰው ጥርስ

አባቴን ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሰርግ ላይ ንግግር የሚያደርገው እሱ ነው፤ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። በሰፈራችን «ኤርጋሽ አካ ካሉ አለቀ» ይባላል፤ «አካ» ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እኔም እስከ ሃያ ሁለት ዓመቴ እወደው ነበር። አሁን ግን ሰዎች ሲያሞግሱት በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይህን የምጽፈው ንዴቴ ስለበረደ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የአክስቴ የሳዮራ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እኛ ልጆቹ ግን እንደ ታላቅ እህታችን «ሳዮራ ኦፓ» ነበር የምንላት። ሥራዋ ቴኒስ መጫወት ነበር። «ሥራዋ» ስል ሰው ይስቃል፤ ያኔም ይስቅ ነበር።

እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ እሷ ሃያ ስድስት ሞልቷት ነበር፤ በዓለም የሴቶች ደረጃ ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠነኛ ነበረች። ቁጥሩን እንደ ስሜ አውቀው ነበር። ትልቅ ቁጥር የሚሰጠው ለትልቅ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አንደኛማ ማንም ይወጣል፣ ከእኛ ክፍል እንኳ አፍንጫውን መጥረግ የማይችለው ልጅ አንድ ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ «አክስቴ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠነኛ ናት» እያልኩ እኮራ ነበር።

እንግዳ ሲመጣ አባቴ ነገሩን ለጨዋታ ያነሳው ነበር። «ከፊቷ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሴት ተሰልፏል» ይላል፣ ጢሙን እየጠረገ። «እሷ ከኋላ ራኬት ይዛ ትሮጣለች። እስክትደርስባቸው አርጅተው ያልቃሉ።»

ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ እሷም ሻይ እየቀዳች ትስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት ወንዶች መካከል በማንኛውም ነገር በዓለም ሃያ ሺኛ የሚሆን አልነበረም። አባቴ በሰፈሩ ቼዝ እንኳ አራተኛ ነበር።

ከጉዞ ስትመለስ የሆቴል ሳሙና ታመጣልኝ ነበር፤ ጣት የምታክል፣ በወረቀት የተጠቀለለች። ዓለምን የማውቀው በሳሙና ሽታ ነበር፤ አንታሊያ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ዴልሂ የሰንደል እንጨት ይሸታል። አክስቴ ቤተ መንግሥት እያደረች የምትዞር ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስትነግረኝ፣ አንድ ክፍል ለአራት ተጫዋቾች ይከራዩና ተራ ገብተው መሬት ላይ ይተኙ ነበር። ልብሷን በእጅ መታጠቢያው አጥባ ሳይደርቅ ትለብሰዋለች፣ የራኬቷን ክር ራሷ ትወጥራለች፣ ስትሸነፍ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ከተማ አውቶብስ ትሳፈራለች። ሳሙናዎቹን ያልከፈተቻቸው ለእኔ ብላ ነው፤ እሷ በልብስ ሳሙና ትታጠብ ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖራለች።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን ነገር ተለወጠ። ፓሪስ ከሚካሄደው ከትልቁ ውድድር ማጣሪያ ዝርዝር ውስጥ ስሟ ወጣ፤ ከታች ሦስተኛ፣ ግን ወጣ። ግቢያችን ውስጥ ከወይኑ ሐረግ ስር ባለው የእንጨት መደብ ላይ ቁጭ ብላ የራኬት እጀታ ስትጠቀልል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሦስት ጊዜ ካሸነፍኩ ዋናው ውድድር ውስጥ እገባለሁ» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ኢሮዳ።»

«ካላሸነፍሽስ?»

«አንዴ ብጫወትም ይበቃኛል። እዚያ ሜዳ ላይ ስሜ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ከዚያ በኋላ አባትሽ እንደፈለገ ይሳቅ።»

በዚያው ሳምንት፣ ሳዮራ ኦፓ ልምምድ ላይ እያለች፣ በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ የያዙ ሁለት ሴቶች ቤታችን መጡ። አባቴ የሚሠራበት የጥጥ ፋብሪካ ምክትል ኃላፊ ሚስትና እህቷ ነበሩ። እኔ ከትሪው ስር ያለው ጣፋጭ መቼ እንደሚገለጥ እየጠበቅሁ በር ላይ ቆምኩ።

«ልጄ ኦዲል እስከ መቼ ይጠብቃል?» አለች ሚስትየዋ። «ልጅቷ እኮ ሃያ ስድስት ሆናለች። የሌላ ሰው ብትሆን አንጠይቅም ነበር።»

«ግንቦት ላይ ዳቦ እንቆርሳለን» አለ አባቴ።

«እሷ ግን አገር ለአገር ነው የምትዞረው። ባትመለስስ?»

«እኔ ኤርጋሽ ነኝ። ትመለሳለች።»

አባቴ በእህቱ ላይ ያለው እምነት ልቤን ሞላው። ዳቦ መቁረስ ማለት ቃል ማሰር፣ መታጨት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን አዲስ ቀሚስና የተላጠ ለውዝ ማለት ነበር። አባቴ በዚያ ዓመት መከር ላይ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ መሾሙን ከዚህ ጋር ያያያዝኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሳዮራ ኦፓ ልትሄድ ስትል እንደ ልማዳችን አያቴ ሙሉ ዳቦ አቀረበችላት። መንገደኛ ከቤት ሲወጣ አንዴ ነክሶ ይሄዳል፤ የቀረውን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም። በዚያን ቀን ሳዮራ ኦፓ አፏን ሞልታ ነከሰች፤ የፊት ጥርሶቿ ምልክት ቁልጭ ብሎ ታየ። አያቴ ዳቦውን በነጭ መሐረብ አስራ ከቁምሳጥኑ በላይ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«ዳቦው የነከሰውን ሰው ይጠራል» አለችኝ። «እሱ እዚህ እስካለ ድረስ እሷ የትም አትቀርም።»

ግንቦት ሲገባ ናፍቆቱ አቃተኝ። ኳስ አነሳስ አስተምርሻለሁ ብላኝ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ብቻዬን መምታት ሰልችቶኛል። ታዲያ እንዲህ አሰብኩ፤ ዳቦው ሚስማር ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚጠራት ከሆነ፣ ሆዴ ውስጥ ቢገባ ከእኔ ጋር ሆኖ ጮክ ብሎ ይጠራታል። ቤቱ ሁሉ በተኛበት የቀትር ሙቀት ወንበር ጎትቼ ወጣሁ። ዳቦው እንደ ጡብ ደርቋል። ቧንቧው ስር እያራስኩ ከወይኑ ስር ተደብቄ በላሁት፤ የጥርሷ ምልክት ያለበትን ጫፍ መጨረሻ ላይ። መሐረቡን መልሼ ባዶውን ቋጥሬ ሰቀልኩት።

በማግስቱ አያቴ ጥርሷን አመማት። ሐኪም መጥቶ ሁለት መንጋጋ ነቀለላት። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሸፈነው፣ ከአገጭ እስከ አናቷ በነጭ ጨርቅ ታሰረች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከማቃሰት በቀር ቃል አልወጣትም። በሳህን ደም ስትተፋ አይቼ ሮጬ ወጣሁ።

አርብ ቀን ከምሳ በኋላ አባቴ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዞ ረጅም ጊዜ በዝግታ አወራ። ከዚያ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ በዓይኑ ጠራኝ።

«ነይ፣ ኦፓሽን ላገናኝሽ። አያትሽ እንዴት እንደሆነች ንገሪያት። ያየሽውን ብቻ ነው፣ እንዳትዋሺ። ጥርሱን ግን አታንሺ።»

«ለምን?»

«የትልቅ ሰው ጥርስ በስልክ አይወራም። ነውር ነው። ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ትልቅ ልጅ ነበርኩ። እንዲህ ያለ የትልቅ ሰው ነገር አምኖ ስለሰጠኝ ደረቴ ተነፋ።

«ሳዮራ ኦፓ!»

«ኢሮዳ? እማዬ እንዴት ናት? አባትሽ የሚለው እውነት ነው?»

ምን እንዳላት አላውቅም። «ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልበላችም» አልኳት።

«ትናገራለች?»

«አትናገርም። ታቃስታለች። ፊቷን በነጭ ጨርቅ አስረነዋል።»

ከወዲያ ጫፍ ድምፅ ጠፋ። ከኋላዋ ግን ኳስ ሲመታ ይሰማኛል፤ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። እንዳትዘጋብኝ ፈርቼ ጨመርኩላት። «ደምም ነበር። በሳህን። እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

«ሐኪም አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር። ከዚህ በኋላ እኔ የማደርገው የለም ብሎ ሄደ።»

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ሐኪሙ በእውነት እንደዚያ ብሎ ነው የሄደው፤ ጥርሶቹ ወጥተዋል፣ የቀረው እብጠቱ እስኪጎድል መጠበቅ ነበር።

«ትመጫለሽ አይደል?» አልኳት።

አባቴ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰደ። «እኔ ምንም አልልሽም፣ እህቴ» አለ፣ ሐዘን ቤት በሚናገርበት ድምፁ። «እንደ ሕሊናሽ አድርጊ።» ዘግቶ ራሴን ዳበሰኝ፣ ከኪሱም ከረሜላ አወጣልኝ። ቀይ ነበረች፣ እንጆሪ እንጆሪ የምትል። እስከ ዛሬ እንጆሪ አልበላም።

በማግስቱ አባቴ ለቤቱ ሁሉ «ሳዮራ ተሸንፋለች፣ ነገ ትገባለች» ብሎ ተናገረ። ማንም አልገረመውም። ጎረቤቶቻችን ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዷም «ምስኪን፣ አሁንስ ማጀቷን ትይዛለች» አለች። እኔ ግን እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ በውስጤ እየሳቅሁ ነበር፤ ዳቦው ነው የጠራት።

እሑድ ረፋድ ላይ የግቢው በር ተከፈተ። አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ለፕሎቭ፣ ለድግሱ ሩዝ፣ የሚሆን ካሮት ትከትፍ ነበር፤ ጉንጯ ጎድሏል፣ ጨርቁ ወልቋል፣ ለጎረቤታችንም ጮክ ብላ ታወራለች። ለእንግዶቹ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ሳዮራ ኦፓ የራኬት ቦርሳዋን እንደተሸከመች በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ በልቅሶ አብጦ ሌላ ሰው መስሏል። አያቴን አየች፣ ቢላዋውን አየች፣ የካሮቱን ክምር አየች።

«መጣሽ ልጄ?» አለች አያቴ እየተነሳች። «አይዞሽ፣ መሸነፍ ያለ ነው።»

«ማን ተሸነፈ?»

«አንቺ ነሻ። ኤርጋሽ ነገረን።»

«የእኔ ጨዋታ ነገ ነው፣ እማዬ።»

አያቴ እጇ ላይ ያለውን ካሮት አላስቀመጠችም፣ አልከተፈችውምም። እኔ በዚህ መሃል ሮጬ ወገቧን አቀፍኳት። «እኔ ነኝ ያመጣሁሽ! ዳቦሽን እኔ በልቼው ነው የመጣሽው!»

በተከፈተው በር አሻግራ ወደ ሚስማሩ ተመለከተች። ከዚያ ሳቀች፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ቦርሳው ጀርባዋ ላይ እንዳለ አፈሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ዳቦውን ስለበላሁባት የተናደደች መስሎኝ ከኋላዋ ተሸሸግሁ።

አባቴ አዲሱን ዶፒ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። «እንኳን በሰላም ገባሽ። እናታችንም ተሽሏታል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ቪዛዬ ለአንድ መግቢያ ብቻ ነው፣ አካ» አለችው። «ከወጣሁ መመለስ እንደማልችል ነግሬዎት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

ያኔ ስለ አውቶብስ ትኬት የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ግን ይህችን አንዲት ቃል ይቅር ማለት አልችልም። አላወቅሁም ቢል፣ ረሳሁት ቢል፣ ቢዋሽ እንኳ ደህና ነበር። አላፈረም።

«ኤርጋሽ፣ ምን አደረግህ?» አለች አያቴ።

«እንግዶች እየመጡ ነው» አላት። «ካሮቱን ጨርሱት።»

አያቴ ተመልሳ ተቀመጠችና ካሮቱን ጨረሰች። ይህንንም አልረሳሁም።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ በአዲሱ ሰማያዊ ቀሚሴ። ሳዮራ ኦፓ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር፤ ሴቶቹ «ዓይን አፋርነቷ ደስ ሲል!» አሉ። እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ባዶውን መሐረብ ይዞ ለብቻዬ ጠራኝ።

«አየሽ ያደረግሽውን? ዳቦዋን በላሽ፣ ዕድሏ ተሰበረ። እኔ ለማንም አልናገርብሽም። አንቺም ስለዚያ ስልክ ለማንም አትናገሪ።»

ለስምንት ዓመት ልጅ ነው ይህን ያለው። ለአሥራ አራት ዓመት የአክስቴን ሕይወት የበላሁት እኔ ነኝ ብዬ ኖርኩ። ዳቦ በእጄ መቁረስ አልችልም ነበር፤ እናቴ ሐኪም ቤት ወስዳኛለች፣ መድኃኒትም ታዞልኛል።

ሳዮራ ኦፓ በዚያ በጋ ተዳረች። ራኬቶቿን አማቷ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር መጋዘን አስገባቻቸው። በቴኒስ ነጥብ ዓመት ሲሞላው ይረግፋል፤ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሦስት መቶ ሆነ፣ ሰባት መቶ ሆነ፣ ከዚያ ስሟ ከዝርዝሩ ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሻንጣና ሦስት ራኬት ይዛ ከኦዲል ቤት ወጣች። ወደ እኛ ቤት አልተመለሰችም። ከጣቢያው ጀርባ ባለው በተሰነጣጠቀ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች ቴኒስ ማስተማር ጀመረች፣ እዚያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች።

እውነቱን የሰማሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ በአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ለወንዶቹ ማዕድ ሻይ ይዤ ስቀርብ አባቴ ወሬ እያደመቀ ነበር። «ሴት ልጅን በጉልበት አይመልሷትም፣ በዘዴ ነው» ይላል። «አንድ ስልክ። እናታችን ጥርሷን ተነቅላ ታቃስታለች። ይቺን ሕፃን ስልኩ ላይ አወጣኋት፤ ያየሽውን ተናገሪ፣ ጥርሱን ብቻ ተይው አልኳት። እንዴት አድርጋ እንደተናገረች! እኔም ራሴ አልቅሼ ነበር!» ማዕዱ በሳቅ ተናወጠ። ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ። «ምስክሬ ይቺውላችሁ።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ በሰርግ ልብሴ እስከ ጣቢያው ጀርባ ሮጥኩ። ሳዮራ ኦፓ ኳስ በቅርጫት እየለቀመች ነበር።

«ዳቦው አልነበረም!» ጮህኩባት። «ታውቂ ነበር!»

«ካሮቱን ያየሁ ጊዜ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አሥራ አራት ዓመት!»

ኳሶቹን አስቀመጠች። «ዳቦው አይደለም ብልሽ ምንድነው ትይኛለሽ። ስልኩ ነው፣ አንቺ ነሽ ልበልሽ? ዳቦው ይሻላል ብዬ ነው።» አንዲት ኳስ አንስታ አቧራዋን ጠረገች። «ተሳስቻለሁ መሰለኝ።»

እሷ ላይ ተናደድኩ፣ ከዚያ አቅፌያት አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። እሷ ግን ራኬት አቀበለችኝ። እስኪመሽ ድረስ ግድግዳውን ደበደብኩት።

አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ከመጋቢት ጀምሮ አልጋ ላይ ነው፤ ልቡ ደክሟል። እናቴ ካለፈች ወዲህ የማስታምመው እኔ ነኝ፤ ሾርባ አጎርሰዋለሁ፣ ጢሙን እላጨዋለሁ። ጎረቤቶች «የተባረከች ልጅ» ይሉኛል።

ሳዮራ ኦፓ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ሳለ ጀምራ ቴኒስ ያስተማረቻት ማፍቱና የምትባል ተማሪ አለቻት። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤ በዚህ ዓመት ሁለት መቶ አምስተኛ ሆነች። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ወደ ፓሪስ ሄዱ፣ ለዚያው ማጣሪያ። ቪዛው እንደ ድሮው ለአንድ መግቢያ ብቻ ነው። ሳዮራ ኦፓ ከመሄዷ በፊት እኔ ዘንድ መጥታ ዳቦ ነከሰች፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በዚያው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ አባቴን መርምሮ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ። «ዘመድ ካለ ጥሪ» አለኝ። «አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው።» በሩ ክፍት ስለነበር አባቴ ሰምቷል።

«ሳዮራን ደውይላት» አለኝ ስመለስ። ድምፁ ቀጥኗል። «ትምጣ። እንዴት እንደሆንኩ ንገሪያት።»

ማፍቱና ሁለቱን ጨዋታ አሸንፋለች። ሦስተኛው ነገ ነው።

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ፤ እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት። ከኋላዋ ኳስ ሲመታ ይሰማል።

«ኢሮዳ? ኤርጋሽ አካ እንዴት ነው?»

አባቴ ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሏል። ላዝንለት ሞከርኩ፣ አላህ ያውቃል። አዝኛለሁም።

«ዛሬ ሾርባውን ጨርሷል» አልኳት። «ጢሙን ላጭቼዋለሁ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሐኪሙም መጥቶ አይቶት ሄዷል።»

«እውነትሽን ነው?»

«ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ማፍቱና ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ። ስሟን በድምፅ ማጉያ ሲጠሩት ብትሰሚ!»

«ዳቦሽ እዚህ ነው» አልኳት። «ማንም አልነካውም።»

ስልኩን ዘጋሁ። አባቴ ትንፋሹን ሰብስቦ ክንዴን ያዘኝ።

«ሐኪሙ ያለውን አልነገርሻትም።»

እጁን በቀስታ አንስቼ ብርድ ልብሱ ስር መለስኩለት።

«የትልቅ ሰው በሽታ በስልክ አይወራም፣ አባዬ» አልኩት። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»